ከየቤቱ አንድ አካፋ

ለወንድሜ ለዶይል፦

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ተራራና ባሕር አቋርጦ ካለህበት መርከብ ይድረስልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ጀርባህስ ለቀቅ አደረገህ? ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምህ ትከሻህስ? ጣቶችህ ከዓሣውና ከበረዶው ጋር እንዴት ሆኑ? ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ አሁንም እንደ ድሮህ ቆመህ ነው የምትውጠው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ደከመ እንጂ አፏ እንዳለ ነው። ወንዛችን ሞልቶ የታችኛውን ድልድይ ጠርጎ ሊሄድ ነበር፣ ደግነቱ ተመልሶ ጎደለ። ውሻህ አርጅቶ ጆሮው ደንቁሯል፤ እንደ ባለቤቱ ሲጠሩት አይመጣም። አትቀየመኝ፣ ሳልቀልድ ደብዳቤ መጻፍ እንደማልችል ታውቃለህ።

ይህን የምጽፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ነው። ሰላምታውን ሳልጨርስ ተነስቼ ሳህን አጥቤያለሁ፣ የታጠበውንም ደግሜ አጥቤያለሁ። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይቆነጥጥሻል እንዴ?» ትለኛለች። ደብዳቤው ወደብ እስክትገቡ ድረስ ተኝቶ እንደሚጠብቅህ፣ የጨነቀኝም ነገር ያኔ ወይ ሆኖ ወይ ቀርቶ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። የምጽፈው እንድትደርስልኝ አይደለም፤ ለሌላ ለማን እንደምናገረው ስለጠፋኝ ነው። በስልክማ አንተ ስለ አየሩ ትጠይቃለህ፣ እኔ ስለ አየሩ እመልሳለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ደብዳቤን ግን መሃል ላይ «ሥራ ጠሩኝ» ብለህ አትዘጋውም።

ነገሩ የልጅህ የጃሬት ነው። በማኅበረሰብ ኮሌጁ የመተንፈሻ ሕክምና ሊማር ተቀባይነት እንዳገኘ ነግሬሃለሁ። ለምን ያንን እንደመረጠ አንተም አታጣው። አባባ ከሰል ሲቆፍር የዋጠው አቧራ ሳንባውን ደፍኖት ሲያጣጥር፣ እዚያው አልጋው አጠገብ የቤት ሥራውን እየሠራ ያደገ ልጅ ነው። ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ግዛቱ ይችላል። በምትኩ ልጁ ከስብሰባ አይቀርም፣ የተመደበለትን አማካሪ ይሰማል፣ በየተርሙም ስምንት ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰጥቶ፣ ያየ ሰው ፈርሞለት፣ በኮምፒውተር ያስመዘግባል። የአሁኑ ማብቂያ የፊታችን ረቡዕ፣ ጁላይ አንድ ነው። ቀኑ ያለፈበት ልጅ ስሙ ይሰረዛል፣ ነገ ዛሬ የለውም። ስኮላርሺፑ ከቀረ ደግሞ እንዴት አድርገን እንደምናስተምረው ለአንተ መንገር አያሻኝም፤ መጨረሻው እንደ አንተ ሻንጣ አንጠልጥሎ መሄድ ነው።

አማካሪው እኔው ነኝ። ቄሱ «ሬቫ፣ አንቺ እንደሁ ፀጉር ቤትሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ትመክሪያለሽ፣ ለምን በወጉ አይሆንም?» ብሎ ካስመዘገበኝ ወዲህ በየዓመቱ ጥቂት ልጆች ይሰጡኛል። ዘንድሮ የመጡልኝን ስሞች ሳይ ጃሬት አለበት። ለቢሮው ደውዬ «ይሄ እኮ የወንድሜ ልጅ ነው» ብላት ልጅቷ ሳቀች። «የእናንተ ካውንቲ ከሆነማ ዘመድ ያልሆነ ሰው ከየት አመጣልሻለሁ?» አለችኝ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቀኑን ማስታወስ፣ ሲፈሩ ማደፋፈር፣ ሲሰንፉ መጨቅጨቅ ነው። መጨቅጨቁን ከእማዬ ወርሼዋለሁ።

ሌሎቹ ልጆቼ ጨርሰዋል። አንዷ ባለቤት የጠፋቸውን ውሾች ስታጥብ ሰነበተች። አንዱ የምግብ እርዳታ መጋዘን ውስጥ ቆርቆሮ ደረደረ። አንደኛው ቀበጥ ለቤተ ክርስቲያን ራት ጠረጴዛ ተሸክሞ፣ ከፊት ከኋላ ፎቶ ተነስቶ ላከልኝ፤ ጠረጴዛውን ያየ የታቦት ተሸካሚ ይለዋል። የእኛው ግን ባዶ ነው። የዶይል ልጅ፣ ሸለቆው ውስጥ እጁ ያላረፈበት አጥር የሌለው ልጅ፣ ስሙ ፊት ለፊት ባዶ ነው።

ልጅህ ሥራ እንደማይፈራ ሸለቆው ይመስክር። ለእትዬ ዜልማ ክረምቱን ሙሉ እንጨት ይፈልጣል። በረዶ ሲጥል ከጎረቤታችን ከኤልዚ በር ላይ ይጠርጋል። የመቃብሩን ኮረብታ ሣር የሚያጭደው እሱ ነው፣ ሰው ሲሞትም ከወንዶቹ ጋር ይቆፍራል። ይህ ሁሉ ቢጻፍ ለእሱ ተርፎ ለሌሎቹም ይበቃ ነበር። «ምናለበት ይሄንን ብትጽፈው?» ብለው «አክስቴ፣ የጎረቤት ነገር አይጻፍም» አለኝ። «ማነው ያለው?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም የአባባ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። አባባ «ለጎረቤት የሠራኸውን ያወራህ ቀን ዋጋህን በላህ» ይል አልነበር? አንተም በልጅነቱ ይህንኑ ስትነግረው ሰምቻለሁ። ይህ አባባል አሁን የኮሌጅ በር ሊዘጋበት ነው ብዬ በሞተ አባቴ ላይ ተናደድኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ብናደድም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የካውንቲው አስተዳደር ቅዳሜ ዕለት የወንዙን ዳርቻ ከቆሻሻ ሊያጸዳ ነበርና ስሙን አስገባሁለት። ጎረቤት የለበት፣ ዘመድ የለበት፣ የማያውቁት ሰው የጣለው ጠርሙስ ብቻ። «ይሄንንስ?» ብለው «ይሄ ይሆናል» አለ። ጠዋት ከፍርድ ቤቱ ፊት መኪናው ሰዎቹን ጭኖ ይሄዳል፣ እስከ ማታ ይሠራሉ፣ ነገሩ ያበቃል። ሐሙስ ጠዋት ፀጉር ቤቴን እየዘፈንኩ ነው የከፈትኩት።

ሐሙስ ከሰዓት አጎት ሆባርት ሞተ። የዜልማ ባል ሆባርት፣ ከአባባ ጋር አንድ የከሰል ጉድጓድ የወረደው። እሱም እንደ አባባ በሳንባው ነው የሄደው። የኦክሲጅን ማሽኑን ድምፅ ከመንገድ ሆኜ እሰማው ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ሳልፍ ዝም ብሏል፣ ያኔ አወቅሁ። ቀብሩ ቅዳሜ ከሰዓት ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ቁፋሮ ማለት ነው። በእኛ ሸለቆ ለመቃብር ማሽን እንደማይገባ ታውቃለህ፤ ሰው የሚገባበትን ሰው ይቆፍረዋል።

ቅዳሜ በማለዳ ፒክአፗን አስነስቼ ጃሬትን ልጠራው ተመለስኩ። እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። «አካፋውን ይዞ ወጥቷል» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ኮረብታውን በመኪና ወጣሁት። ወንዶቹ ቀድመዋል፤ ልጅህ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ኤስቲል፣ ቁፋሮውን የሚያስተባብረው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንባሆውን ያኝካል። ኤልዚ ሲያየኝ «ጃሬት፣ አማካሪህ መጣችልህ፤ ዝቅ በል» አለና ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ለሳቅ አልነበርኩም።

«ኤስቲል፣ ልጁን ልቀቀው፤ ዛሬ ካልሄደ ትምህርቱን ያጣል» አልኩት። ኤስቲል «እኔ ምን አሰርኩት፣ ሬቫ? እግር አለው» አለ። ወደ ጃሬት ዞሬ «መኪናው አይጠብቅም» ብለው፣ አካፋውን ሳያስቀምጥ «ሆባርትም አይጠብቅም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ንዴት የለም፣ ጥጋብም የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ? ዞሬ ወደ መኪናዬ ገባሁና መሪውን በመዳፌ መታሁት። መኪናው የሚነሳበት ደርሶ የፍርድ ቤቱ ሰዓት ሲደውል እዚያው ተቀምጬ ሰማሁ።

ከቀብር በኋላ እትዬ ዜልማ እንደ ደንቡ ቆፋሪዎቹን አስቀድማ አስቀመጠች። ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ የፖም ኬክ፤ ባሏን ቀብራ መጥታ እንኳ ሳህኑ ጎደለ አልጎደለ ትላለች። ወሬው ደርሷት ኖሮ መነጽሯን አድርጋ ከጃሬት ፊት ቆመች። «የት ላይ ነው የሚፈረመው? የዛሬውንም እፈርማለሁ፣ የፈለጥክልኝንም እንጨት እፈርማለሁ። ሆባርት ቢኖር እሱም ይፈርም ነበር፣ ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ቢሆንም» አለችው። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ተነስቶ አቀፋትና «እትዬ ዜልማ፣ ምሳሽን በልቻለሁ እኮ። ሒሳባችን አልቋል» አላት። ስንወጣ ዜልማ ጆሮዬ ላይ «እሱ ልጅ ነው፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። ጻፊው፤ ደውለው ቢጠይቁኝ አዎ እላለሁ» አለችኝ።

ቤት ስንደርስ በረንዳው ላይ ያዝኩት። ያልኩትን ሁሉ አልጽፍልህም፤ ግማሹ ለደብዳቤ አይሆንም። «በሞተ ሰው አባባል ዕድሜህን ልትቀብር ነው ወይ?» አልኩት። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝና ስጨርስ «አክስቴ፣ የአያቴ አባባል አይደለም» አለኝ።

ቀጥሎ ያለውን እሱ እንደነገረኝ ልጻፍልህ። «እናንተ ሴቶቹ በቁፋሮ ጠዋት ወጥ ቤት ስለሆናችሁ አታውቁትም» አለኝ። «ኤስቲል ኮረብታው ላይ ይቆምና ከየቤቱ አንድ አካፋ ይጠራል። የቆመውን ሰው ስም አይደለም፣ የአባወራውን ስም ነው የሚጠራው። ‹የኤልዚ ቤት› ሲል ከዚያ ቤት የመጣው አቤት ይላል። አያቴ የሞተ ጊዜ ‹የዶይል ቤት› አለ። ማንም አልመለሰም። ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። ኤስቲል ሊደግመው አፉን ሲከፍት እኔ አቤት አልኩ።»

አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ዶይል። ኤስቲል የአባባን አካፋ ወስዶ እጀታውን በመጋዝ ቆርጦ አሳጠረለትና ጉድጓዱ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር «የዶይል ቤት» ይባላል፣ ልጅህ አቤት ይላል። «ስለዚህ ያ ሰዓት የእኔ አይደለም» አለኝ። «የአባቴ ነው፤ ቦታውን ነው የያዝኩለት። እንጨቱም፣ በረዶውም፣ ሣሩም የዶይል ቤት ድርሻ ነው። የሱን ድርሻ በኔ ስም ጽፌ ልማርበት?»

ከዚያ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሃለሁ? አባባ ሲቀበር አንተ ባሕር ላይ ነበርክ፣ ማዕበል ነበር፣ መርዶው የደረሰህ አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው። አንድም ሰው አልወቀሰህም። ራስህን የወቀስክ አንተ ብቻ ነህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በየፋሲካው «ዘንድሮ እመጣለሁ» እያልክ የቀረኸውም ለዚያ ነው። ፊቴን ምን ብዬ አሳያለሁ ብለህ ነው እንጂ የመርከቡ ሥራ አስሮህ እንዳልሆነ እማዬም ታውቃለች። ልጅህ ግን ያኔውኑ አውቆ በቦታህ ቆሞልህ ኖሯል፤ አንድ ቀን ስትመጣ ባዶ እንዳይጠብቅህ።

እንግዲህ አሁን የምጽፍልህ ኮምፒውተሩ ከጎኔ ተከፍቶ ነው። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የውሻው ስም ነው። ዜልማ ትመሰክራለች። ጣቴን ብዘረጋ ነገሩ አለቀ፣ ልጁም ሳያውቅ ኮሌጅ ይገባል። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ። የያዘኝ ሕጉ አይደለም። ይህ ልጅ እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ አቤት ሲል የኖረ ነው፤ አሁን ደግሞ በራሱ ስም ያላለውን እኔ ብዬለት በገዛ ስሙም ልዋሽበት? እንዲህ አስቤ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ኮሌጁ ትዝ ይለኛል፣ የአባባ ማጣጣር ትዝ ይለኛል፣ እንደገና እከፍተዋለሁ። ልነሳ፤ ዶሮዎቹን ላስገባ።

ረቡዕ ጠዋት። ወረቀቱን ከእሁድ ወዲህ አልነካሁትምና ከተውኩበት ልቀጥል።

ሰኞ ፀጉር ቤቴ ዝግ ስለሆነ ራሴን የማደርግበት አጣሁ። ጃሬት ቁርሱን በልቶ ማጭድና መጥረቢያ ይዞ ወጣ። አካፋውን አልያዘም። «ወዴት ነው?» ብለው «ኤስቲል ጋ፣ አንድ ነገር ልጠይቀው» አለኝ። እሺ ብዬ እቤት የምቀር ይመስልሃል? ጥቂት ቆይቼ ተከተልኩት።

ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከእኛ መቃብሮች አጥር ውጪ፣ እሾህ የዋጠው ቦታ ትዝ ይልሃል? በልጅነታችን እባብ አለበት እየተባልን የምንሸሸው። የባቡሩን ዋሻ ሲፈለፍሉ የሞቱት ሰዎች ያሉበት ነው። ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም፣ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ራስጌያቸው ላይ ያልተጠረበ ድንጋይ ብቻ ነው የቆመው። ጃሬት ኤስቲልን «እነዚህን የማን ቤት ነው የሚያጸዳቸው?» ብሎ ጠየቀው። ኤስቲል «የማንም። አባቴም አልነካቸው፣ የአባቴም አባት። የሚጠራላቸው ቤት የለም» አለው። «እንግዲያው የማንም ድርሻ አይደሉማ?» ሲለው ኤስቲል ትንባሆውን ተፍቶ «እስከ ዛሬ አልነበሩም» አለ። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ እሾሁ ውስጥ ገባ።

እኔ መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ግን እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፤ ሳላስበው እኔም እሾህ ስነቅል ተገኘሁ። ጃሬት አየኝና «አክስቴ፣ አንቺ የነቀልሽውን አልቆጥረውም፤ ኋላ አማካሪነትሽን ይነጥቁሻል» አለኝ። ለብዙ ቀን ያልሳቅሁትን ሳቅ ያን ጊዜ ሳቅሁ። እጄ አሁንም ተቧጥሯል። ትናንት ጠዋት አንዲት ደንበኛዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ እያለች አይታው «ድመት ገዛሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ ነገሩን ስተርክላት ጊዜው ሄዶ ፀጉሯን ላቃጥልባት ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ ውሎ፣ ትናንትም ውሎ ድንጋዮቹ ሁሉ ወጡ። የወደቁትን አቆማቸው። ስም ስለሌላቸው ምንም አልጻፈም፤ ቆመው መታየታቸው ይበቃል አለ። ትናንት ከሰዓት፣ እኔም ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ከደረስኩ በኋላ፣ ኤስቲል በዱላው እየተደገፈ ወጥቶ በየድንጋዩ መሃል ዞረና ብዕር ጠየቀ። ልጅህ «ይሄ የእኔ ነው» ብሎ ወረቀቱን ሰጠው። ኤስቲል ስሙን ፈረመ። ማታ ጃሬት ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባው። ዛሬ ጠዋት ከዶሮዎቹ ቀድሜ ተነስቼ ስከፍተው በስሙ አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ገብቷል። እማዬን ቀስቅሼ አሳየኋት። መነጽሯን ስላላደረገች ምንም አላየችም፣ ቢሆንም አለቀሰች።

ኤስቲል ሲፈርም ያለውን ግን ገና አልነገርኩህም፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ወረቀቱን መለሰለትና «ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ሆነሃል። ከአሁን ወዲያ ስጠራ ‹የጃሬት ቤት› ልበል?» አለው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ እዚያ ኮረብታ ላይ ስም የሚለወጠው አባወራው ሲሞት ነው፣ ወይም ሸለቆው ከእንግዲህ አይመጣም ብሎ ሲቆርጥ። ኤስቲል በክፋት አላለውም። ለልጁ ክብር ሰጠው። ጃሬት ማጭዱን በሣር ጠረገና «እሱን አባቴ ይወስን። አክስቴ ደብዳቤ ጀምራለታለች» አለው።

አየህ፣ እሁድ ስጀምረው እንድትደርስልኝ አይደለም ያልኩት ደብዳቤ መጨረሻው ወዴት እንደመጣ። ጃሬት ኦገስት ላይ ትምህርት ይጀምራል። ቀኑን ክፍል፣ ቅዳሜና እሁድ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ይሆናል። ኤልዚም ደረቱ እያፏጨ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው እንጂ። የሚቀጥለው የቁፋሮ ጠዋት ሲመጣ ኤስቲል «የዶይል ቤት» ብሎ ይጠራል፣ ከቤታችን ኮረብታው ላይ ሰው አይኖርም። እንድትመጣ አልለምንህም፣ ለምኜህ ደክሞኛል። አልመጣም ካልክ ግን ለኤስቲል አንድ መስመር ጻፍለትና ስምህን ይተወው። ልጅህ ከዚህ በላይ በአንተ ስም አቤት አይበል፤ የራሱን ስም እንዲይዝ ልቀቀው። የምትመጣ ከሆነም አትጻፍ፤ ዝም ብለህ ና።

እማዬ ትስምሃለች። «እኔ ስሞት ኤስቲል ሲጠራ ማን አቤት እንደሚል ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ሳላውቅ አልሞትም በይው» ብላለች፣ እንደምታውቃት የዛተችውን አትተውም። እትዬ ዜልማ እንደምን ነህ ብላሃለች፤ የሆባርትን ጥሩውን ኮፍያ ለማንም አልሰጠችም፣ ለአንተ ራስ ይሆናል ትላለች። ኤልዚ ካርታ ስትጫወት አጭበርብረህ ያመለጥክበትን አልረሳሁም ይልሃል። ኤስቲል ሰላም በይልኝ አላለም፤ የእሱ ሰላምታ ስም መጥራት ብቻ ነው። ውሻህም አለ፣ መንገዱን ያያል።

ጃሬትንም «ምን ልበልልህ?» አልኩት። ወደ ጎተራው ሄዶ አካፋውን አምጥቶ አሳየኝ። ያን በልጅነቱ የተቆረጠውን አጭር እጀታ አውጥቶ ከሂከሪ እንጨት አዲስ ቀርጾ አስገብቶለታል። ሞከርኩት፤ ለእኔም ይረዝማል፣ ለእሱም ይረዝማል። «በአባቴ ቁመት ነው የሠራሁት በይው» አለኝ።

እህትህ ሬቫ
ፓውፓው ሸለቆ፣ ምሥራቅ ቴነሲ
ረቡዕ፣ ጁላይ 1